ብሬከሩን ማን አወረደው?

እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ምጣዱን ሰክታ እስኪሰማ ድረስ ሊጡን እያማሰለች ትቆያለች፤ ልጆቹ መጀመሪያ በምትወጣው እንጀራ ይሻማሉ። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ግን አራተኛዋ ወይም አምስተኛዋ እንጀራ ላይ ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ ካለው ሳጥን «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማና ቤቱ ጭልም ይል ጀመር። ጎረቤት መብራት አለ። የጠፋው የእኛ ብቻ ነው። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ብሬከሩን ያነሳዋል፤ ሁለት እንጀራ ይጋገራል፤ ደግሞ «ጧ!»

አሥር ዓመት የሞላው ልጄ አንድ ቀን ከሳጥኑ ሥር ቆሞ፣ «እማ፣ ማን ነው ያወረደው? ማንም እኮ አልነካውም!» አለኝ። እናቴ ቀደመችኝና፣ «ኮረንቲው ተቆጥቶ ነዋ!» ብላ መለሰችለት። እኔም የተሻለ መልስ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። ያን ቀን ጠይቄ ብረዳ ኖሮ በኋላ የመጣው ነገር ባልመጣ ነበር።

ወንበር ላይ መውጣቱ ሲሰለቸን አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። ሳጥኑን ከፍቶ አየና፣ «ይቺ ባለ 16 ናት፤ አነሰቻችሁ። 32 ላድርግላችሁ፣ ከዚህ በኋላ አይወርድባችሁም» አለ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እናቴ መርቃ ሸኘችው። ሰውየው አልዋሸም፤ ብሬከሩ ከዚያ በኋላ አልወረደም። ሦስት ቅዳሜ በሰላም ተጋገረ። ምጣዱ ላይ የሻይ ውሃ ማፍያውንም ጨመርንበት፤ ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ነበር የምንስበው።

በአራተኛው ቅዳሜ እናቴ አክንባሎዋን እንደያዘች ቀና ብላ፣ «የሚሸት ነገር አለ» አለች። «እንጀራው አርሮ ይሆናል» አልኳት። «እንጀራ ሲያር የማላውቅ መሰለሽ? ይሄ ፕላስቲክ ነው» አለችና ልጆቹን ከማዕድ ቤት አስወጣች። ወዲያው ከሶኬቱ ብልጭ አለ። ብልጭታውና «ጧ!» የሚለው ድምፅ እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። ቤቱ ጨለመ።

በማግስቱ ሶኬቱ ሲፈታ ከኋላው ያሉት ሁለቱ ሽቦዎች ልባሳቸው ቀልጦ ተነካክተዋል። ግድግዳው ጠቁሯል። ከዚያ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የማዕድ ቤቱ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ይህን ስጽፍ አሁንም ያ መጋረጃ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ሰፈራችን ውስጥ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የሆነውን ሰምተው በማታው ካቻቢቴያቸውንና በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ይዘው መጡ። ጨርቁ ሲገለጥ ጎኑ በመጋዝ የተከፈተ አሮጌ ብሬከር ሆኖ ተገኘ፤ ለተማሪዎቻቸው ያሳዩበት የነበረ ነው። ገበታው ላይ አስቀመጡትና ልጄን፣ «ማን አወረደው ብለህ ነበር አሉኝ። ና፣ ላሳይህ» አሉት።

በዚያች የክብሪት ቀፎ በምታክል ዕቃ ውስጥ ያሉት ዘበኞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀርፋፋ፣ ሌላው ፈጣን።

ቀርፋፋው ከሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ቅጠል ነው። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ቀስ እያለ ይጎብጥና መጨረሻ ላይ ማስፈንጠሪያውን ይገፋዋል። እኛ ቤት በየቅዳሜው ሲያወርድብን የነበረው ይህ ነው። ጋሼ ወረቀት ላይ አሰሉት። ምጣዳችን 3500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ብቻውን ባለ 16ቱን ብሬከር ይሞላዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ባለ 2000 ዋቱ ማፍያ 9 አምፔር ያህል ይጨምራል፤ በድምሩ 25። ቅጠሉ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥና ያወርደዋል። «እትዬ» አሉ ጋሼ ወደ እናቴ ዞረው፣ «ተቆጥቶ ነው ያሉት ልክ ነው። የተቆጣው ግን ለእርስዎ ብሎ ነው። ሽቦው ጋለብኝ ነበር የሚለው።»

እኛ ታዲያ ምን አደረግን? የሚጮኸውን ዘበኛ አንስተን የማይሰማ ዘበኛ ተከልን። ባለ 32ቱ ብሬከር 25 አምፔር ቢያልፍበት ምንም አይመስለውም። የግድግዳው ሽቦና ሶኬቱ ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ እነሱን ማን ቀየራቸው? ብሬከር የሚመረጠው በሚጠብቀው ሽቦ ውፍረት ነው እንጂ ባለቤቱ በሚሰካው ዕቃ ብዛት አይደለም።

ታዲያ በመጨረሻዋ ቅጽበት መብራቱን ያጠፋልን ማነው? ሁለተኛው ዘበኛ ነው። ጋሼ በካቻቢቴው ጫፍ አሳዩን፤ ወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ ጥቂት ጊዜ ተጠምጥሟል፣ በመካከሉ ትንሽ የብረት ዘንግ አለች። ይህ ኤሌክትሮማግኔት ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ በሙሉ በዚህ ጥምጥም ውስጥ ያልፋል። በአዘቦቱ ጊዜ የሚፈጥረው የማግኔት ጉልበት ዘንጓን ለማንቀሳቀስ አይበቃም። ሁለት ሽቦ ሲነካካ ግን የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በአንዴ በመቶ ወደሚቆጠር አምፔር ይዘልላል፤ ጥምጥሙ ዘንጓን በኃይል ይስባታል፣ እሷም ማስፈንጠሪያውን ትመታለች። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ቅጠሉ እስኪሞቅ ቢጠበቅ ኖሮ ግን መጋረጃው አይጠብቅም ነበር።

እኔን የገረመኝ ይህ ዘበኛ ባትሪም፣ ሰዓትም፣ የሚያዘው ሰውም የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከራሱ ከአደጋው ነው። አደጋው በበረታ ቁጥር ክንዱ ይበረታል።

ልጄ ግን ይህ ሁሉ አልበቃውም። «ማግኔት እኮ ሁልጊዜ ነው የሚስበው፤ ፍሪጁ ላይ ያለው አይለቅም» ብሎ ተከራከረ። ጋሼ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ደስ አላቸው። ጣት የሚረዝም ምስማር፣ አንድ ሜትር ያህል ቀጭን ልባስ ያለው ሽቦና አንድ ትልቅ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ጠየቁ። ሽቦውን ምስማሩ ላይ አርባ ሃምሳ ጊዜ አስጠመጠሙት፤ ሁለቱን ጫፎች ልጠው በባትሪው ግራና ቀኝ አስያዙት። ምስማሩ የእናቴን መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ ለቃቀማቸው። ሽቦውን ሲያላቅቁት መርፌ ቁልፎቹ ገበታው ላይ ዝርግፍ አሉ።

«ለቀቃቸው!» ብሎ ጮኸ ልጄ። ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው። የፍሪጁ ማግኔት ይዞ የሚኖር ነው፤ ኤሌክትሮማግኔት ግን ሲታዘዝ ይይዛል፣ ሲታዘዝ ይለቃል። (አንዲት መርፌ ቁልፍ ግን አልወድቅም ብላ ቀረች። ምስማር ጥቂት ማግኔትነት ይዞ ይቀራል፤ ለዚህ ሲባል በመሣሪያዎች ውስጥ የሚገባው ብረት ቶሎ የሚለቅ ለስላሳ ዓይነት ነው አሉን።)

ይህን ሙከራ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ብትሠሩት ደስ ይለኛል፤ ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። ሽቦውና ባትሪው ቶሎ ይግላሉ፣ ስለዚህ ከአሥር ሰከንድ በላይ አታስይዙት። ከባትሪ ድንጋይ ሌላ፣ የመኪና ባትሪም ሆነ የግድግዳ ሶኬት፣ በምንም ዓይነት አይሞከርም፤ ይህንን ለልጁ ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት። ሦስተኛው ከኤሌክትሮማግኔት ይልቅ ቋሚዎቹን ይመለከታል። ከመጫወቻ የሚወጡ ትንንሽ ጠንካራ ማግኔቶችን ሕፃን ካለበት አርቁ። ከአንድ በላይ የዋጠ ልጅ ሆዱ ውስጥ ማግኔቶቹ ከሁለት ወገን አንጀቱን መሃል አድርገው ይሳሳባሉ፣ የተያዘውም ቦታ ደም አጥቶ ሊበሳ ይችላል። ልጁ ደህና ቢመስልም ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ነገሩ ከተጀመረ ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አየ። አምስት ዓመት ቆይቶ እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጅን፣ ጫማ መስፋት ተምሮ፣ ወታደር ሆኖ፣ ሳይንሱን በራሱ ጥረት ያጠና ሰው፣ የታጠፈ ብረት ላይ ሽቦ ጠምጥሞ ለሕዝብ አሳየ። ብረቱ 200 ግራም ገደማ ነበር፤ ያነሳው ግን 4 ኪሎ ገደማ።

ጋሼ ከሄዱ በኋላ ልጄና እህቱ ቤቱን በጆሯቸው ሲበረብሩ አመሹ። ስታብላይዘሩ «ጠቅ» ሲል፣ በውስጡ ያለ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት አንዲት የብረት ምላስ ስቦ መስመር መቀየሩ ነው። የካርድ ቆጣሪው ሒሳብ ሲያልቅ «ጠቅ» ብሎ የሚዘጋውም በዚሁ ዘዴ ነው። የበሩ ደወል ስንጫነው «ዲንግ»፣ ስንለቀው «ዶንግ» የሚለው፣ ዘንጉ ሲሳብ አንዱን፣ ሲለቀቅ ሌላውን ስለሚመታ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው፣ ስፒከሩ የሚዘፍነው፣ ቬንትሌተሩ የሚሽከረከረው፣ ፍሪጁ የሚያቃስተው ሁሉ በማግኔት መሳብና መግፋት ነው። ያ የማያቋርጥ «እምምም» የሚለው ድምፅም ምስጢሩ ይኸው ነው፤ የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በውስጡ ያለው ብረት በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ውሃ ሲጠፋ እየዘመረ የሚቆመው ደግሞ የውሃውን በር የሚከፍተው ማግኔት ሥራውን ሠርቶ ውሃው ስላልመጣለት ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ አጥፍታችሁ ውሃ እስኪመጣ ጠብቁ።

እናቴ ወሬውን ከሰማች በኋላ የድሮውን ቆጣሪ አነሳች። ያን ከመስታወቱ ጀርባ የሚዞር ሳህን ታስታውሱታላችሁ? ምጣድ ሲሰካ ሲበርር፣ አንድ አምፖል ብቻ ሲበራ ሲያዘግም? «አባትሽ እሱን እያየ ነበር ካውያውን የሚያስነቅለን» አለችኝ። ያ ሳህን አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ማግኔት አይስበውም። ግን ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ኤሌክትሮማግኔቶች በሳህኑ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ይፈጥሩና በዚያው ይገፉታል። የካሴት ቴፑንም እንዳትረሱት። ያቺ የምትብለጨለጭ የቴፑ ራስ ኤሌክትሮማግኔት ነበረች፤ ከውጭ አገር በካሴት የሚላክልንን የዘመድ ሰላምታ የቀረጸችው እሷ ናት። እንደነዚህ ያሉ ካሴቶች ያሏችሁ ስፒከር ላይ አታስቀምጧቸው፤ የስፒከሩ ማግኔት ድምፁን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል።

አሁን አሁን የመጣውን የኢንዳክሽን ምድጃ በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ አያቶች ይጠይቁኛልና። ከመስታወቱ ሥር ያለው ጥምጥም የሚያሞቀው ራሱን ድስቱን ነው፤ ስለዚህ ማግኔት የሚይዘው ድስት ይፈልጋል። ጀበና አይሞቅበትም፤ ተራ የአሉሚኒየም ብረት ድስትም እንደዚሁ። ልብ ምት የሚቆጣጠር መሣሪያ ደረታቸው ውስጥ የተተከለላቸው ሰዎች ከዚህ ምድጃ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ርቀው እንዲቆሙ፣ ሞባይላቸውንም የደረት ኪስ ውስጥ እንዳይዙ ይመከራል። ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ወደ ብሬከሩ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። ከጋሼ የተማርኩት ትልቁ ነገር መብራቱ ሲጠፋ ጊዜውን ማስተዋል ነው። ዕቃ ሰክታችሁ ከደቂቃዎች በኋላ ከወረደ፣ ያወረደው ቀርፋፋው ነው፤ ብዙ ዕቃ ባንድ መስመር ላይ አለ ማለት ነው። አንዱን ንቀሉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ አንሱት። በሰካችሁበት ቅጽበት ከወረደ ግን ማግኔቱ ነው፤ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል። ያን የሰካችሁትን ዕቃ ነቅላችሁ፣ በደረቅ እጅ አንድ ጊዜ ብቻ አንሱት። ዳግመኛ ወዲያው ከወረደ እዚያው ተዉትና ባለሙያ ጥሩ። በጨለማ ማምሸት ይሻላል። ማንሻውን በክር ማሰርም ሆነ በእንጨት መደገፍ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ የዘመኑ ብሬከር ማንሻው ወደ ላይ ቢያዝ እንኳ ውስጡ ይለቃል። የተሠራው እኛን አውቆ ነው።

በእናቴ ዘመን በሸክላ ፊውዝ ላይ የተቃጠለችውን ቀጭን ሽቦ በወፍራም ሽቦ፣ አንዳንዴም በሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ የሚተካ ሰው ነበር። ቤት የሚቃጠለው በእንዲህ ያለው ብልሃት ነበር። እኛ የሠራነው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ በባለሙያ እጅ ማሠራታችን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ትልቅ ላድርግላችሁ» ሲላችሁ፣ «ሽቦውስ ይችለዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ምሳውን አብልታችሁ ሸኙት።

እኛ ቤት በመጨረሻ የተደረገው ይህ ነው። የድሮው መስመር ወደ ባለ 16ቱ ብሬከር ተመለሰ። ለምጣዱ ብቻ ከሳጥኑ ወፈር ያለ አዲስ ሽቦ ከራሱ ብሬከርና ሶኬት ጋር ተሳበለት። ጋሼ አንድ ሌላ ዕቃም አስጨመሩን፤ ስለ እሱ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

ተራ ብሬከር ሽቦን ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም። ባለ 16 አምፔሩ ማለት በ16,000 ሚሊ አምፔር ነው የሚቆጠረው፤ ሰው የሚገድለው ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ነው። ልጅ ጣቱን ሶኬት ውስጥ ቢከት ያ ጀግና ያልነው ማግኔት ላያውቀው ይችላል። ለዚህ የተሠራው ሌላ ማጥፊያ ነው፤ «ቴስት» የሚል ትንሽ ቁልፍ ፊቱ ላይ አለው። በአንዱ ሽቦ የወጣውና በሌላው የተመለሰው እኩል መሆኑን እያነጻጸረ ይኖራል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል ከጎደለ፣ የጎደለው በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሄዶ ሊሆን ይችላልና፣ በውስጡ ያለው ትንሽ ማግኔት ይለቅና ቤቱን በሙሉ ያጠፋዋል። ሳጥናችሁን ከፍታችሁ ያ ቁልፍ መኖሩን እዩ። ከሌለ ከሌላ ወጪ ሁሉ አስቀድሙት። ካለ ደግሞ መሥራቱ የሚታወቀው አልፎ አልፎ ቁልፉን በመጫን ነው።

የመጫኑ ሥራ የልጄ ሆኗል። ቀኑን የምታስታውሰው ግን እናቴ ናት። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «ዛሬ ልደታ አይደል? ቁልፏን ተጫናት እንጂ!» ትለዋለች። እሱም ወንበሩን ይጎትታል። «ጧ!» ይላል፤ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ፍሪጁ ዝም ይላል፣ ትልቋ ልጄ ከክፍሏ ሆና «አሁንስ በዛ!» ብላ ትጮኻለች። «ማን አወረደው?» ትለዋለች እናቴ ከታች ሆና ወንበሩን እየደገፈች።

«ማግኔቱ፣ እማማ።»

«በል አሁን አንሳው፤ ቡና ልቆላበት ነው።»